ራሱን ያጸዳል የተባለው ጠመንጃ፦ የኤም-16 ጉዳይ በቬትናም

በቬትናም ጦርነት ጊዜ የተነሱ የአሜሪካ ወታደሮችን ፎቶ በደንብ ያየ ሰው አንድ ነገር ሊያስተውል ይችላል። አንዳንዶቹ የመወልወያ ዘንጋቸውን ገጣጥመው ከጠመንጃው ጎን በፕላስተር አስረውታል። ዘንጉ እዚያ የታሰረው ለጽዳት አይደለም። የተተኮሰ ጥይት ቀለህ፣ ማለትም ባዶው ቀፎ፣ ጠመንጃው ውስጥ ተጣብቆ አልወጣ ሲል ከአፈሙዙ ጫፍ አስገብተው በኃይል ገፍተው እንዲያስወጡት ነው። ያውም ጠላት ፊት ለፊት እየተኮሰ።

ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚነገረው እንደ ፖለቲካ ወይም እንደ ግዥ ቅሌት ነው። እሱም አለበት። እኔ ግን ትኩረቴ ጠበብ ያለ ነው። አንድ አፈሙዝ ከአንዱ ተኩስ እስከ ሚቀጥለው ድረስ ባለው ጊዜ ምን ይደርስበታል? ማን ያጸዳዋል? በምን? ዘይት የት ይገባል፣ የት አይገባም? ጠመንጃ ለሚይዝ ሁሉ፣ ዒላማ ላይ ለሚተኩስም ለሚያድንም፣ የኤም-16 ጉዳይ እነዚህን ጥያቄዎች አንድ በአንድ ይመልሳል።

ከመቀጠሌ በፊት ስለ ቃላት እንስማማ። አፈሙዝ ስል ሙሉውን የብረት ቱቦ ነው። የቱቦው የኋላ ጫፍ፣ ጥይቱ ገብቶ የሚቀመጥበት ሰፋ ያለው ክፍል፣ መጉረሻ ነው። የዚህ ጉዳይ ዋናው ቦታ መጉረሻው ነው፤ አደራ እንዳትረሱት።

ጠመንጃው እንዴት እንደሚሠራ

ኤም-16 መነሻው ኤአር-15 ነው። ኤአር-15 ደግሞ ዩጂን ስቶነር አርማላይት በተባለው ድርጅት ውስጥ ከነደፈው ኤአር-10 አነስ ተደርጎ የተሠራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1959 መብቱ ኮልት ለተባለው የጦር መሣሪያ አምራች ተሸጠ። ጠመንጃው ቀላል ነው። ጥይቱም ትንሽ ነው፣ 5.56 ሚሊሜትር። ከሱ በፊት የነበረው ኤም-14 የሚተኩሰው 7.62 ሚሊሜትር ነበር። ወታደሩ በዚያው ክብደት ብዙ ተጨማሪ ጥይት መያዝ ቻለ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ባሩዱ ሲነድ የሚፈጠረው ጋዝ አረሩን፣ ማለትም ከጥይቱ ተነጥሎ የሚበረውን ጫፍ፣ ወደ ፊት ይገፋዋል። ከጋዙ ጥቂቱ አፈሙዙ ላይ ባለች ትንሽ ቀዳዳ ይወጣና በቀጭን ቱቦ ወደ ኋላ ይመለሳል። ከዚያ መዝጊያውን፣ መጉረሻውን ከኋላ የሚዘጋውን ብረት፣ የተሸከመውን ክፍል በቀጥታ ገፍቶ ይከፍተዋል። በሌሎች ብዙ ጠመንጃዎች ጋዙ የሚገፋው ፒስተን ነው፤ ጥቀርሻውም አብዛኛው እዚያው ፊት ለፊት ይቀራል። እዚህ ግን ጥቀርሻው የጠመንጃው ሆድ ውስጥ ይገባል። እኔ ይህን እንደ ንድፍ ጉድለት አላየውም። ክብደት ቀንሷል፣ ተኩሱንም የተረጋጋ አድርጎታል። ግን አንድ ግዴታ ያመጣል። ባሩዱ በንጽህና የሚነድ መሆን አለበት፣ ካልሆነም ጽዳቱ መጥበቅ አለበት።

መጀመሪያ ላይ ጥሩ ሠራ። እ.ኤ.አ. በኅዳር 1965 በኢያ ድራንግ ሸለቆ የተዋጋውን ሻለቃ ያዘዙት ሌተና ኮሎኔል ሃል ሙር ጠመንጃውን ካመሰገኑት መካከል ነበሩ። ችግሩ የገነነው ጠመንጃው በብዛት መታደል ሲጀምር ነው።

ባሩዱ፣ ክሮሙ፣ ጨርቁ

ኤአር-15 ተፈትኖ የተመሰገነው አይኤምአር 4475 በሚባል ባሩድ ነው። ሠራዊቱ ግን አረሩ በሰከንድ 990 ሜትር ገደማ ፍጥነት እንዲኖረው ጠየቀ። በዚያ ባሩድ ጥይቱን በብዛት ሲያመርቱ፣ የግፊት ገደቡን ሳያልፉ እዚያ ፍጥነት መድረስ አስቸጋሪ ሆነ። ስለዚህ በ1964 ደብሊውሲ 846 የተባለ፣ ቅንጣቱ ድብልብል የሆነ ባሩድ ተፈቀደ። በራሱ መጥፎ ባሩድ አይደለም፤ ዘሩ በ7.62 ጥይት ላይ ተሞክሮ የታመነ ነው። ለዚህ ጠመንጃ ግን አልተስማማም።

ሁለት ነገር ቀየረ። አንደኛ፣ በጋዙ ቀዳዳ በኩል የሚያልፈው ግፊት ጨመረ። መዝጊያው ቶሎ መከፈት ጀመረ፤ የተኩሱ ፍጥነትም በደቂቃ ወደ 1000 ጥይት ገደማ ከፍ አለ። ሁለተኛ፣ ይህ ባሩድ እንዳይበላሽ ተብሎ ካልሲየም ካርቦኔት ይጨመርበታል። የኖራ ድንጋይ ዱቄት በሉት። ኖራው አይነድም። ከጥቀርሻው ጋር ተደባልቆ በጋዙ ቱቦ ውስጥና በመሥሪያው ላይ ይጋገራል።

እዚህ ላይ ሁሌ የሚያናድደኝ ነገር አለ። ኮልት አዲሱ ባሩድ የተኩሱን ፍጥነት ከተፈቀደው በላይ እንደሚያደርገው አውቆ ተናግሯል። መልሱ ባሩዱን ማቆም አልነበረም። ፋብሪካው ጠመንጃዎቹን ለርክክብ ሲፈትን በሌላ ባሩድ እንዲፈትን ተፈቀደለት። ጠመንጃው በአንድ ባሩድ ፈተናውን አለፈ፤ ወታደሩ ደግሞ በሌላ ባሩድ ተዋጋበት።

ቀጥሎ ክሮሙ። ኤም-14 የአፈሙዙ ውስጥም መጉረሻውም ክሮም የተቀባ ነበር። ምክንያቱ የታወቀ ነው። እርጥበትና ሙቀት ባለበት ቦታ ባዶ ብረት ቶሎ ይዝጋል። ጃፓኖች እንኳ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዓይነት 99 በሚባለው ጠመንጃቸው አፈሙዝ ውስጥ ክሮም ይቀቡ ነበር። ይህ እየታወቀ ኤም-16 ያለ ክሮም ወደ ቬትናም ዝናብና ረግረግ ተላከ።

ሦስተኛው ጨርቁና ዘንጉ ነው። ይህ ጠመንጃ ብዙ መወልወል አያስፈልገውም የሚል እምነት በሠራዊቱ ውስጥ ተሰራጭቶ ነበር። ራሱን ያጸዳል እስከ ማለት የደረሱ ነበሩ። የመወልወያ ዕቃ ለሁሉም አልደረሰም። ለኤም-14 የተሠራው ዘንግ ደግሞ አይተካውም፤ የ7.62 ዘንግ በ5.56 አፈሙዝ ውስጥ አያልፍም። የመጉረሻ ብሩሽ ያለው ወታደር ከዚያም ያነሰ ነበር። ወታደሮች ለቤተሰቦቻቸው ዘንግና ዘይት ላኩልን ብለው ይጽፉ ነበር።

መጉረሻው ውስጥ የሆነው

አሁን ወደ ዋናው ነገር ገባን። ብዙ ሰው ኤም-16 ቆሸሸና ነከሰ ብሎ ያልፈዋል። ቆሻሻ ብቻውን ግን ያን ሁሉ አያደርግም። ዝርዝሩን ማየት ይገባል።

ቀለህ ናስ ነው። ባሩዱ ሲነድ ናሱ ያብጥና ከመጉረሻው ግድግዳ ጋር ጥብቅ ይላል። ይህ የሚፈለግ ነገር ነው፤ ጋዙ ወደ ኋላ እንዳያመልጥ ያሽጋል። አረሩ ከአፈሙዙ ሲወጣ ግፊቱ ይወርዳል። ናሱም ትንሽ ይሰበሰብና ግድግዳውን ይለቃል። ያን ጊዜ መዝጊያው ላይ ያለው ጥፍር የቀለሁን ጠርዝ ይዞ ይጎትተዋል። ይህ ሁሉ በሰከንድ ሽርፍራፊ ውስጥ ያልቃል።

ግድግዳው ለስላሳ ከሆነ ቀለሁ ተንሸራቶ ይወጣል። ዝገት የበላው ግድግዳ ግን ጉድጓድ ጉድጓድ ነው። በዓይን እንኳ የማይለዩ ጥቃቅን ጉድጓዶች ይበቃሉ። ናሱ ሲያብጥ እነዚያ ውስጥ ይገባና ብረቱን ይነክሳል። ግፊቱ ቢወርድም አይለቅም። ጥፍሩ ሲጎትት ወይ ይስታል ወይ የቀለሁን ጠርዝ ቦጭቆ ይዞ ይሄዳል። ቀለሁ ውስጥ ይቀራል። ቀጣዩ ጥይት ከኋላው መጥቶ ይገፋዋል። ጠመንጃው ቆመ።

አሁን ባሩዱን ጨምሩበት። በአዲሱ ባሩድ መዝጊያው ቀድሞ ይከፈታል፤ ናሱ ገና አልተሰበሰበም፣ ግፊቱም ጨርሶ አልወረደም። ጥፍሩ የሚጎትተው ገና ያልለቀቀ ቀለህ ነው። ንጹሕና ለስላሳ መጉረሻ ይህን ምናልባት ይችለው ነበር። ዝገት ያለበት አይችለውም። ዝገት ያለበት መጉረሻም በዝግታ ለሚከፈት መዝጊያ ምናልባት ይለቅ ነበር። ሁለቱ ሲገጣጠሙ ነው ወታደሩ ባዶ እጁን የቀረው። ለኔ የጉዳዩ ቁልፍ ይህ ነው። ጥፋተኛው ባሩዱ ብቻ ነው የሚሉም፣ ወታደሩ አልወለወለም የሚሉም ግማሹን ነው የሚያዩት።

ዝገቱስ መቼ መጣ? ጠመንጃው ሲተኮስ አይደለም። ሲተኮስ አፈሙዙ ይግላል፣ እርጥበቱም ይተናል። ዝገቱ የመጣው ከተኩሱ በኋላ ነው። ወታደሩ ሲያርፍ፣ ሲተኛ፣ ሩዝ እርሻ ውስጥ ሲጓዝ። ጥቀርሻ እርጥበት ይይዛል። የተያዘው እርጥበት ብረቱ ላይ ተለጥፎ ያድራል። ጥይት እንደጎረሰ ያደረ ጠመንጃ ደግሞ መጉረሻው አየር አያገኝም፤ ማንም አያየውም። የዚያ ዘመን ጥይት ማቀጣጠያው ከድሮዎቹ በተለየ ጨው የማይተው ነበር። ብዙ ሰው ጥይቱ ጨው ከሌለው አፈሙዙ አይዝግም ብሎ ያስባል። ይህ ትክክል አይደለም። ጨው ዝገቱን ያፋጥነዋል እንጂ፣ ውሃና ባዶ ብረት ካሉ ዝገት ለመምጣት የጨው ፈቃድ አይጠይቅም።

የአፈሙዙ ጥበት ሌላ ችግር ነበር። 5.56 ሚሊሜትር ቀዳዳ ውስጥ የገባ ውሃ እንደ ሰፊ ቱቦ ዝም ብሎ አይፈስም። ተጣብቆ ይቀመጣል። በውሃ የተሞላ አፈሙዝ መተኮስ ደግሞ አፈሙዙን ሊያፈነዳ ይችላል። ለወታደሩ የተሰጠው ምክር ጫፉን ወደ ታች አዘንብሎ መዝጊያውን ትንሽ ወደ ኋላ መሳብ ነበር። አየር ከኋላ ሲገባ ውሃው ይለቃል። ቀላል ነገር ነው፤ ግን የሚነግርህ ሰው ያስፈልጋል።

ምርመራው

ማሪኖች የሚባሉት የአሜሪካ የባሕር ኃይል እግረኞች ኤም-14ን ትተው ኤም-16ን የተረከቡት በ1967 መጀመሪያ ወራት ነው። ወዲያው በሚያዝያና በግንቦት በቬትናም በኬ ሳን ዙሪያ ባሉ ኮረብቶች ላይ ከባድ ውጊያ ገጠሙ። ከዚያ ውጊያ የተጻፉ ደብዳቤዎች ወደ አገር ቤት ደረሱ። ጋዜጣ ላይ ወጡ፤ ምክር ቤትም ገቡ። ጠመንጃውን ለመጠገን ፈታትተው እየሞከሩ ሳለ የተገደሉ ጓዶች ነበሩን የሚል ቃል የሚያነብ ሰው ዝም ብሎ ማለፍ አይችልም።

የአሜሪካ የተወካዮች ምክር ቤት በሚዙሪ ግዛት ተወካይ ሪቻርድ አይኮርድ የሚመራ ልዩ ንዑስ ኮሚቴ አቋቋመ። ኮሚቴው በጥቅምት 1967 ሪፖርቱን አወጣ። ባሩዱ የተቀየረው በቂ ሙከራ ሳይደረግ መሆኑን አነሳ። የጥይቱን ጉድለት ለማረም ሥልጣን ያላቸው ባለሥልጣናት እርምጃ አለመውሰዳቸውንም ወደ ወንጀል የሚጠጋ ቸልተኝነት ብሎ ገለጸው። እንዲህ ያለ ቋንቋ በምክር ቤት ሪፖርት ውስጥ በቀላሉ አይጻፍም።

ምን ተደረገ

ጥገናው እንደ ችግሩ ሁሉ በየአቅጣጫው ነበር። መዝጊያውን ከኋላ የሚቀበለው ክፍል ክብደቱ ጨመረና የተኩሱን ፍጥነት አረጋጋው። ከ1967 ጀምሮ መጉረሻው ክሮም ተቀባ፤ ቆየት ብሎ ሙሉው አፈሙዝ ውስጡ ተቀባ። በባሩዱ ውስጥ ያለው ኖራም ተቀነሰ። የመወልወያ ዕቃው በብዛት ተላከ። ከዓመታት በኋላ ደግሞ ሰደፉ ውስጥ ዕቃው የሚቀመጥበት ክዳን ያለው ቀዳዳ ተሠራ። ይህችን የመጨረሻዋን በጣም ነው የምወዳት። ዘንጉ ከጠመንጃው ጋር ካልሄደ፣ በሚያስፈልግበት ሰዓት አይገኝም።

ሠራዊቱ በ1968 የጠመንጃውን አያያዝ የሚያስተምር በካርቱን የተሣለ መመሪያ አሳተመ። ወታደሩ እንዲያነበው ነው፤ ደረቅ መጽሐፍ ማን ያነባል። በዚያን ጊዜ ለወታደሩ የተሰጠው ትምህርት ይዘቱ ዛሬም አላረጀም።

ጠመንጃው ባዶ መሆኑ ይረጋገጣል፤ ካዝናው ይወጣል፣ መጉረሻው በዓይን ይታያል። ከዚያ ጠመንጃው መሐሉ ላይ ይታጠፍና ዘንጉ ከኋላ፣ ከመጉረሻው በኩል ይገባል። ከጫፉ በኩል ማስገባት አይመከርም። አረሩ ለመጨረሻ ጊዜ የሚነካው የአፈሙዙን ጫፍ ነው፤ ዘንግ እየፋቀ ያንን ጠርዝ ካበላሸው ተኩሱ ይበተናል። ብሩሹ በማጽጃ ፈሳሽ ርሶ በአንድ ጉዞ እስከ ጫፍ ድረስ ያልፋል፤ መሐል ላይ አይመለስም። ጠመዝማዛ ቦዮቹ ውስጥ ያለው ጥቀርሻና መዳብ የሚለቀው በዚህ ነው።

ከዚያ መጉረሻው። ለብቻው ብሩሽ አለው፣ ወፍራም ነው። የአፈሙዙ ብሩሽ መጉረሻውን አይነካውም፤ መጉረሻው ሰፊ ስለሆነ ዝም ብሎ ያልፈዋል። ብዙ ሰው አፈሙዙን አጽድቶ በብርሃን ሲያየው እንደ መስታወት ያበራል፤ ጨረስኩ ይላል። መጉረሻው ግን እንደቆሸሸ ነው። የመጉረሻው ብሩሽ ገብቶ ይሽከረከራል። መዝጊያው የሚቆለፍባቸው ጥርሶች ዙሪያም ይጠረጋል። ከዚያ ቁራጭ ጨርቆች እየተቀያየሩ ይገባሉ፤ ጨርቁ ንጹሕና ደረቅ ሆኖ እስኪወጣ።

ዘይቱ የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። እዚህ ላይ ነው ሰው በሁለት በኩል የሚሳሳተው። አንዱ ዘይት ጥቀርሻ ያወጣል ብሎ በቆሻሻው ላይ ይቀባል። ያ እርጥበቱን ከሥር አሽጎ ማስቀመጥ ነው። ሌላው ደግሞ ሲበዛ ይሻላል ብሎ ያፈሳል። የበዛ ዘይት አቧራ ይይዛል፤ ከጥቀርሻ ጋር ተቦክቶ የሚሞርድ ጭቃ ይሆናል። መጉረሻ ውስጥ የቀረ ዘይት ደግሞ ቀለሁ ግድግዳውን እንዳይዝ ያደርገዋል። ግድግዳው ይሸከም የነበረው ግፊት ሁሉ መዝጊያው ላይ ይወድቃል። ጥይቱን ራሱን ዘይት መቀባት የተከለከለውም በዚህ ምክንያት ነው። በተጣበቀ ቀለህ የተማረረ ወታደር ጥይቱን ቢቀባ አይፈረድበትም፤ መፍትሔው ግን ያ አይደለም።

የሚፈለገው ስስ ሽፋን ብቻ ነው። ጨርቁ በዘይት ነካ ተደርጎ አንድ ጊዜ ያልፋል። ከመተኮስ በፊት ደግሞ አፈሙዙም መጉረሻውም በደረቅ ጨርቅ ይጠረጋሉ። ለወታደር ይህ ከባድ ነው፤ ተኩሱ መቼ እንደሚጀመር አያውቅምና። ስለዚህ በቬትናም ዝናብ ወቅት ሥራው የዕለት ተዕለት ሆነ። መጥረግ፣ በስሱ መቀባት፣ እንደገና መጥረግ።

ክሮሙ፣ የተሻለው መቀበያና ዘንጉ ሲደርሱ የተጣበቀ ቀለህ ቅሬታ በጣም ቀነሰ። የጠመንጃው ንድፍ በመሠረቱ አልተቀየረም። ያው በጋዝ የሚገፋ፣ ያው ጥቀርሻ ወደ ሆዱ የሚያስገባ ጠመንጃ ነው። ከዚያ በኋላ ለአሥርት ዓመታት አገልግሏል።

ከዚህ ጉዳይ ለዒላማ ተኳሽ የሚሆነው

ዒላማ ላይ የሚተኩስ ሰው ጠላት አይጠብቀውም። ግን በሁለት ተኩስ መካከል ያለው ጊዜ የሱ ይረዝማል። ሳምንት፣ ወር፣ አንዳንዴ ዓመት። ስለዚህ የመጀመሪያው ምክሬ ጊዜን ይመለከታል። አፈሙዙ ለብ እያለ መወልወል ይቀላል፤ ጥቀርሻው ገና አልደረቀም። ያ ካልተቻለ ያው ቀን ማታ።

ከቀዝቃዛ ቦታ ወደ ሞቃት ክፍል የገባ ጠመንጃ ያልበዋል። ጤዛው ውጪውን ብቻ ሳይሆን መጉረሻውንም ያረጥበዋል። ወዲያው ሳጥን ውስጥ ከተቆለፈ ውሃው የትም አይሄድም። መጀመሪያ ክፍሉን ይላመድ፣ ከዚያ ይጠረግ፣ ከዚያ ዘይት ይነካ። ለረጅም ጊዜ በስፖንጅ በተሸፈነ ሻንጣ ውስጥ ማስቀመጥም አይመከርም፤ ስፖንጁ እርጥበት ይይዛል።

ጫፉን ወደ ላይ አድርጎ ያቆመ ሰው ዘይቱ ቀስ እያለ ወደ መጉረሻው፣ ከዚያም ወደ ቃታውና ወደ እንጨቱ እንደሚወርድ ይወቅ። ቀጭን ሽፋን ከሆነ ችግሩ ትንሽ ነው። ብዙ ከቀባ ግን ጫፉን ወደ ታች ማቆም ይሻላል።

በሚቀጥለው የተኩስ ቀን ያ ዘይት መውጣት አለበት። ዘይት ባለበት አፈሙዝ የተተኮሰው የመጀመሪያ ጥይት ብዙ ጊዜ ከሌሎቹ ርቆ ነው የሚያርፈው። ሰው ማነጣጠሪያው ተበላሸ ብሎ ያስተካክላል፤ ከዚያ አፈሙዙ ሲደርቅ ተኩሱ እንደገና ይሸሻል። ደረቅ ጨርቅ ሁለት ሦስት ጊዜ ማሳለፍ ይህን ሁሉ ይከላከላል። አንዳንድ አፈሙዝ ከተወለወለ በኋላ በደረቁም ቢሆን ጥቂት ጥይት እስኪተኮስበት አይረጋጋም። የራስን አፈሙዝ ጠባይ መዝግቦ ማወቅ ነው።

መጉረሻውን ግን ከሁሉም በፊት እዩት። መብራት ይዛችሁ ከኋላ ተመልከቱ። ግድግዳው ላይ ጨለም ያለ ነጠብጣብ ካለ፣ ጨርቁ ቡናማ ሆኖ ከወጣ፣ ወይም የተተኮሰው ቀለህ ላይ ጭረት ከታየ ዝገት ጀምሯል። ቀለህ ሲወጣ መያዝ ከጀመረም ዘይት ጨምሮ መቀጠል አይደለም፤ ተኩሱን አቁሞ መጉረሻውን ለጠመንጃ ጠጋኝ ማሳየት ነው።